ግማሽ ቀን ሐይቅ ላይ፣ ግማሽ ቀን ቤት



ባለፈው እሁድ የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። «ቲቸር፣ ጀልባዋን ሸጡ የሚባለው እውነት ነው?» ያለ አለ። «ሲስተር ይቅርታ አደረጉልዎት ወይ?» ያለችም አለች። ይቺን ጠያቂ በደንብ አውቃታለሁ፤ አስረኛ ክፍልም እንዲሁ ነበረች። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ እዚሁ ልዘርግፈው ብዬ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እንደምታውቁት 36 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የማታውቁት ነገር የመጨረሻውን ትምህርቴን አለመጨረሴን ነው። መጋቢት 2012 አንድ ሰኞ ዕለት ሰሌዳው ላይ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ካርታ እየሳልኩ ነበር። ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አቢጃታንና ሻላን ሳልኩ። ሐዋሳ ላይ ስደርስ ተደወለ። «የቀረውን ሐሙስ እንጨርሳለን» ብዬ ጠመኔውን አራግፌ ወጣሁ። ሐሙስ አልመጣም። ኮሮና ገባ ተብሎ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሐምሌ ላይ 60 ዓመት ሞላኝ፣ የጡረታ ደብተሬን ተቀበልኩ፣ አለቀ። ሽኝት የለ፣ ጋቢ የለ፣ ንግግር የለ። ሳትሰናበቱኝ የቀራችሁ እናንተ ናችሁ እንግዲህ፣ የ2012 ልጆች። አልተቀየምኩም።

ከዚያ በኋላ ቤት ገባሁ። ችግሩም እዚያ ጀመረ።

እኔና ባለቤቴ ያኔ ከተጋባን 31 ዓመት ሆኖን ነበር። በሰዓት ብትቆጥሩት ግን ብዙም አልተገናኘንም። እሷ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ የሌሊት ተረኛ ስትሆን እኔ ተኝቼ ታገኘኛለች፣ እኔ ቀንም ማታም ሳስተምር እሷ ተኝታ አገኛታለሁ። ሦስት ልጆች ያሳደግነው እንደ ዱላ ቅብብል ነው። በ2012 ክረምት እሷ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ጭምብሏን አጥልቃ ሥራ ስትውል፣ እኔ ቤት ውስጥ ሥራ አጣሁ። ሥራ ያጣ መምህር ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ ያገኘውን ሁሉ ያርማል። አንድ ቀን ደክሟት ስትገባ የወጥ ቤቱን ቅመማ ቅመም በፊደል ተራ ደርድሬ ጠበቅኋት። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል። እየጠበቅኩ የነበረው ምስጋና ነው። እሷ ለጎረቤታችን «ሰውዬው ጡረታ የወጣው ከትምህርት ቤት ነው እንጂ ከማስተማር አይደለም» ስትል በመስኮት ሰማኋት።

መኮራረፍ መጣ። ትልቅ ጠብ አልነበረም፤ ትንንሽ፣ ቀኑን ሙሉ የሚውል መኮራረፍ። ከቤት መውጣት አማረኝ፤ ጠዋት ጠዋት በግድቡ ላይ መራመድ ጀመርኩ። ያ ግድብ የተሠራው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ሞልቶ ከተማችንን ካስፈራራ በኋላ ነው። ያኔ ክፍል አስወጥቼ የወሰድኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ አጥር ሥር የገባውን ውኃ እያሳየሁ «ይህ ሐይቅ የሚታይ መውጫ የለውም፣ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፣ ስለዚህ ዝናብ ሲበዛ መሄጃ የለውም» ብዬ ሰብኬያችኋለሁ። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 22 ሜትር ገደማ፤ ይህን ሁሉ ተኝቼም እለዋለሁ። ጉዱ ግን ይህ ነው፦ በዚያ ሁሉ ዘመን እግሬን እንኳ ውኃው ውስጥ ነክሬ አላውቅም ነበር። ዋና አልችልም። ዛሬም አልችልም።

አሞራ ገደል አካባቢ አንድ ጎልማሳ የተገለበጠች የእንጨት ጀልባ ሲጠግን አየሁ። ስንጥቋን በሬንጅ ይደፍናል። ቀና ብሎ አየኝና ብድግ አለ። «ቲቸር!» ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ያስደገምኩት ልጅ ነው። ሦስተኛ ጊዜ አልመጣም፤ ወደ ሐይቁ ሄደ። በእኔ ቀይ እስክሪብቶ ምክንያት ዓሣ አጥማጅ የሆነ ሰው ፊት መቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ። እሱ ግን ቂም የለውም። ጠዋት ጠዋት ሻይ አብረን እንጠጣ ጀመር። ሞተሩ ተቃጥሎበት፣ አዲስ መግዣ አጥቶ፣ ሸሪክ እየፈለገ ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ልንሠራ፣ አከራይተን በእርጅናችን ልንደጎም፣ ለዓመታት በዕቁብ ያጠራቀምነው ገንዘብ ነበር። ጥቅምት 2013 ላይ ከዚያ አውጥቼ የጀልባዋን ግማሽ ገዛሁ። ሳላማክራት። «እነግራታለሁ» እያልኩ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። የሰማችው ለቅሶ ቤት ነው፤ አንዲት ሴት «ባለቤትሽ ጀልባ ገዛ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ብላት። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳን ደስ ያለሽ መባል! 11 ቀን አላናገረችኝም። በ12ኛው ቀን የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ቆርቆሮውን ሸጠህ ውኃ ገዛህ።»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ሽርክናው በኋላ ትንሽ ትንሽ ገቢ ማምጣቱ ያንን አያስተሰርየውም። ወንዶች ሆይ፣ በተለይ ጡረታ የቀረባችሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ ይህቺን አንዷን ያዙልኝ።

ሕይወቴ ለሁለት ተከፈለ። ግማሽ ቀን ሐይቅ፣ ግማሽ ቀን ቤት። በወር አራት አምስት ሌሊት ደግሞ ጀልባዋ ላይ ማደር ጀመርኩ። የሐይቅ ሌሊት ምን እንደሚመስል ላላያችሁት ልንገራችሁ። ወደ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መረብ ይጣላል። ከጉማሬዎቹ መንገድ ራቅ ብለን ፊላው ዳር እንቆማለን፤ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣልና መንገዱ ላይ መቆም ቀልድ አይደለም። ከተማዋ ከውኃው ላይ ስትታይ ሌላ ከተማ ናት። መብራቱ ውኃው ላይ ይረዝማል፣ የባጃጁ ጩኸት ይጠፋል፣ ታቦር ተራራ ጥቁር ጉብታ ሆኖ ይቀራል። በጋቢ ተጠቅልዬ ጀልባዋ ወለል ላይ እጋደማለሁ። ከሥሬ ውኃው ጣውላውን ሲመታ ይሰማኛል። ሸሪኬ ያንኮራፋል። ጉማሬው ከሩቅ እንደ ሽማግሌ ይስቃል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መረቡን ስንስብ እጃችን ደንዝዞ ነው፤ ቆሮሶው እየተንፈራገጠ ይወጣል፣ አንዳንዴ አምባዛ ይገባል። ሲነጋ አሞራ ገደል ገበያ እንደርሳለን። ሕፃናቱ ዓሣውን ባይናችን ፊት ገፈው ይጨርሱታል፣ አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን አቀርቅረው እንደ ዕድርተኛ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ጾም ሲገባ ደግሞ ገበያው ይደራል። በ60 ዓመቴ ይህን ሁሉ አዲስ አየሁት። የዓሣው መጠን እያነሰ መምጣቱንም እንዲሁ። መረቡ ዓይኑ እየጠበበ፣ ያልወለደው ቆሮሶ ሁሉ እየተጠረገ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከሸሪኬ ጋር አንዴ ተጣልተን ሰፊ ዓይን ያለው መረብ አስገዝቼዋለሁ። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ልለፈው።

አዲስ ኑሮ የፈጠርኩ አይምሰላችሁ። ዝዋይ ላይ የዛይ ሕዝብ ከቱሉ ጉዶና ከሌሎቹ ደሴቶች እስከ ገበያው በጀልባ ሲመላለስ ዘመናት አስቆጥሯል። ቤቱ ደሴት ላይ፣ ገበያው የብስ ላይ፣ ዕድሜው መሀል ላይ። ጣናም እንዲሁ። ኔዘርላንድ የምትኖር ተማሪዬም አምስተርዳም ቦዮች ላይ ከ2,000 በላይ የጀልባ ቤቶች እንዳሉ ጽፋልኝ፣ አበባ የተተከለባቸው፣ መጋረጃ ያላቸው ጀልባዎች ፎቶ ላከችልኝ። ለባለቤቴ አሳየኋት። «መጋረጃ ያለው ስትገዛ ጥራኝ» አለች።

ሰኔ 2014 እሷም ጡረታ ወጣች። የእሷን ሽኝት አየሁ፤ ጋቢም ተሰጣት፣ ያዋለደቻቸው እናቶች ሳይቀሩ መጡ፣ ተለቀሰ። በማግስቱ ጠዋት ጀበናዋን ጥዳ፣ ፈንዲሻዋን በትና፣ ሁለት ስኒ አቅርባ ጠበቀችኝ። እኔ ሐይቅ ላይ ነበርኩ። ስመለስ አራት ሰዓት አልፏል፤ ሁለቱም ስኒ ታጥቦ ተደፍቷል። «እኔ ጡረታ የወጣሁት ካንተ ጋር ቡና ልጠጣ ነው እንጂ፣ ካባ ኮዳ ጋር ልሻማብህ አይደለም» አለችኝ። ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ለምን አብራኝ እንደማትመጣ እኔ ዝም ብዬ የደጋ ልጅነቷ ነው እል ነበር። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ውኃ ቢፈራ ምን ይገርማል? እውነቱን ያወቅሁት የካቲት 2015 ነው።

የሐይቁን ሰው ጠይቁ፤ ሐዋሳ ሐይቅ ጠዋት እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ሁላችንም የምናውቀው ሕግ ነው። በዚያን ቀን ግን ዘመድ ከአዲስ አበባ መጥቶ ጉማሬ ካላየሁ አለ፣ ሸሪኬ ሰርግ ሄዷል፣ እኔ ደግሞ «ሞተሩን ለምጄዋለሁ» ብዬ በሰባት ሰዓት ተነሳሁ። ዘመዴን ጉማሬውን አሳይቼ መለስኩት። ከዚያ ብቻዬን የረሳነውን መረብ ላመጣ ተመለስኩ። ነፋሱ እዚያ አገኘኝ። ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ጠፋ። መቅዘፊያ አለኝ፣ ጉልበት ግን የለኝም። ማዕበሉ ውኃ እያስገባ፣ እኔ በጣሳ እየቀዳሁ እየደፋሁ፣ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ተነዳሁ። ስልኬ ረጥቦ ሞተ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። የማስታውሰው አንድ ሞኝ ሐሳብ ነው፦ ጥልቀቱ 22 ሜትር፣ ጥልቀቱ 22 ሜትር እያልኩ ለራሴ ሳስተምር ነበር።

ዓሣ አጥማጆች አይተው ጎትተው አወጡኝ። ሲመሽ ከተማው ዳርቻ ስደርስ ግድቡ ላይ ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማለች። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነበረች አሉ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። መጥታ እጄን ያዘችኝ። ጥብቅ አድርጋ። ፍቅር መስሎኝ እኔም ያዝ አደረግኳት። «ዝም በል፣ አታንቀሳቅሰኝ» አለች። የልብ ምቴን እየቆጠረች ነበር።

ሌሊቱን አልተኛንም። በሥራ ዘመኗ ከሐይቁ የወጡ ልጆች ይመጡላት እንደነበር የነገረችኝ በዚያ ሌሊት ነው። አንዳንዶቹን ያዋለደቻቸው ራሷ ነች። እናቶቻቸው ጋ ወጥታ የምትነግረውም እሷ ነበረች። «እኔ ውኃ አልፈራም» አለችኝ። «ለእናትየዋ መንገሩን ነው የምፈራው። ያንተን ደግሞ ለማን ነው የምነግረው?» 31 ዓመት፣ በኋላም 34 ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አንድ ቀን አልነገረችኝም። ልክ ነው፣ እኔም አልጠየቅኋትም፤ ተኝታ ነበር የማገኛት።

ሲነጋ ፍርዷን ሰጠች። «ከእንግዲህ ግድብ ላይ ቆሜ አልጠብቅም። ወይ አትሄድም፣ ወይ አብሬህ እሄዳለሁ።» ቀጥላም ዝርዝሯን አወጣች። ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ሰው፣ ለሸሪኬም ጭምር። ከአምስት ሰዓት በኋላ ውኃ ላይ መገኘት ክልክል። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን። ከተፈቀደው ሰው በላይ አንድም አይጫን። ላይፍ ጃኬቶቹን ራሷ መርጣ፣ ማሰሪያቸውን ጎትታ ፈትና፣ ሁለቱን መልሳ ገዛች። ሸሪኬ «ቲቸር፣ ሲስተር ከመጡ ወዲህ ጀልባችን ጤና ጣቢያ ሆነች» ይለኛል። ግን ቱሪስቶቹ ወደኛ መምጣት ጀመሩ፤ ልጆች የያዙ እናቶች በተለይ።

ከዚያ ሁለት ጥሩ ዓመት ነበረን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እንወጣለን። ጀበናው ቤት ይቀራል፤ ቡናው በፔርሙዝ ነው። ነፋሱ ሳይነሳ መሀል ላይ ሞተሩን እናጠፋና እንጠጣለን። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት እጇ ጀልባዋን ጨምድዶ ነበር የያዘው፤ ቡናውን እኔ ነበርኩ የማስጎነጫት። በኋላ አንድ እጇን ለቀቀች። ገበያ ላይ ወጣቶቹ ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ ሲጋብዙኝ እጄን ትመታኛለች። እኩለ ቀን ላይ ቤት ገብተን፣ እሷ ወደ ጎረቤቶቿ፣ እኔ ወደ ሬዲዮኔ። ባለፈው ዓመት ጣናነሽ ሁለት ከጅቡቲ በመኪና ተጭና ወደ ጣና ስትጓዝ፣ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ ሲቀበላት አብረን ስልክ ላይ እናይ ነበር። «መርከቧ እንኳ ለሐይቋ ብላ ይህን ሁሉ አገር በየብስ ተጓዘች፤ አንተ ከሐይቅ ቤት ድረስ መምጣት ነው የሚያቅትህ?» አለችኝ። ይህቺ ቀልድ ከሽሮው ቀልድ ቀጥሎ ሁለተኛዋ ናት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ። በዚህ ዓመት መጀመሪያ የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ወደቅኩ። ሐኪሙ ሌሊት ውኃ ላይ ማደርና መረብ መሳብ አበቃ አለኝ። ልጆቻችን ተሰብስበው በስልክ መከሩን፦ ጀልባዋም ቤቱም ይሸጥ፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቡ፣ አጠገባችን ሁኑ። ለእኛ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። እኔም ተሸንፌ ነበር፤ ሸሪኬን ጠርቼ «ግማሼን ግዛኝ» አልኩት።

ማታ ለእሷ ስነግራት ይህን ጊዜ ሳላማክር እንዳልጀመርኩ ልትመሰክርልኝ ይገባል። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ሽንኩርቷን እየከተፈች ዝም አለች። ከዚያ «2012ን ረሳኸው?» አለች። «ቀኑን ሙሉ ቤት ልትውል ነው? ሽሮዬን በፊደል ተራ ልትደረድር?» ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ቢላዋውን አስቀምጣ ያልጠበቅሁትን ተናገረች። «እንበልና አንተ ቀደምክ። እኔ ጀልባዋን ማስነሳት እንኳ አላውቅም። እኔ ብቀድም ደግሞ አንተ እንቁላል መጥበስ አታውቅም። ኮንዶሚኒየም ገብተን ይህ ይቀየራል?»

እንዲህ ዓይነት ነገር በቤታችን ተነግሮ አያውቅም። ሁለታችንም በሥራችን ሞት እናውቃለን፤ እሷ ይበልጥ። ስለ ራሳችን ግን አውርተን አናውቅም ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። ወጡ አረረ።

የተስማማነው ይህ ነው። ከድርሻዬ ግማሹን ለሸሪኬ ሸጥኩ። ሌሊቱና መረቡ የእሱ ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋ የእኛ ናት። ብሩ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ገባ፤ በዚህ ሳምንት ቆርቆሮው ተራገፈ፣ እሷም ቆጥራ ተቀበለች፣ ደረሰኙንም እኔ አልያዝኩትም። ለልጆቻችን «ክረምት ክረምት እንመጣለን» ብለናል። አልተዋጠላቸውም፤ ትንሿ ልጄ እስካሁን አኩርፋለች።

እሁድ የለጠፍኩት ፎቶ ላይ ባለቤቴ የሞተሩን እጀታ ይዛ ስትታይ ብዙዎቻችሁ የስንብት ፎቶ መሰላችሁ። ስንብት አይደለም፣ አምስተኛ ትምህርቷ ነው። ገመዱን ስባ ማስነሳት ከብዷት ነበር፣ አሁን በሦስተኛው ስቦሽ ይነሳላታል። ቀጥ አድርጋ መንዳት ግን ገና ነው፤ ወደ ፊላው ትሄድብኛለች። እርማት ስሰጣት «ቀይ እስክሪብቶህን አስቀምጥ» ትላለች፣ ሸሪኬ ከኋላ ሆኖ ከእኔ ፊት ለመሳቅ ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ይመስል ይስቃል። ከሰዓት ወጥ ቤት ስንገባ ተራው የእሷ ነው። ትናንት ሽሮ ሠርቼ ጓጎለ። ቀመሰችና «ትደግማለህ» አለችኝ።

ሐዋሳ የምትመጡ ካላችሁ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አሞራ ገደል ነን፤ ሁለት ሰው የሚሆን ቦታ አለን። ላይፍ ጃኬት አላስርም የሚል ግን አይምጣ፤ ሲስተር አታሳፍረውም።